ስለ አሳም ሙስሊሞች ሲጻፍ መቶኛው ከምን ላይ እንደተሰላ ይነገረን

ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፣

በሰሜን ምሥራቅ ህንድ በምትገኘው የአሳም ግዛት የሙስሊሞች ቁጥር እያሻቀበ ነው የሚል ዜና በአማርኛ ጋዜጦችም በማኅበራዊ ሚዲያም በየጊዜው ይወጣል። እዚህ ጅማ እንዲህ ያለ ወሬ ዝም ብሎ አያልፍም። ቡና ላይ ይነሳል፣ ታክሲ ውስጥ ይነሳል፣ ትንሽ ቆይቶ አሳም ይረሳና ክርክሩ ስለ እኛ ይሆናል። ሥራችን የሕዝብ ቆጠራ አኃዝ ማስተማርና መተንተን ስለሆነ ይህን ደብዳቤ መጻፍ ግዴታችን ሆኖ አግኝተነዋል። የአሳም ሙስሊሞች ድርሻ በእርግጥ ጨምሯል፤ እሱን አንክድም። የሚያሳዝነን አኃዙ የሚጻፍበት መንገድ ነው። (የህንድ ዓመታትን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል።)

በ2001 ቆጠራ ከአሳም 26,655,528 ነዋሪዎች 8,240,611 ሙስሊሞች ነበሩ፤ ከመቶ 30.9 ማለት ነው። በ2011 ሕዝቡ 31,205,576 ሲደርስ ሙስሊሞቹ 10,679,345 ሆኑ፤ ከመቶ 34.2። ይህን ይዞ «ሙስሊሞች በ3.3 በመቶ አደጉ» ብሎ የሚጽፍ ብዙ ነው። ስህተት ነው። 3.3 የሁለቱ ድርሻዎች ልዩነት ነው፤ «የመቶኛ ነጥብ» መባል አለበት። ዕድገቱን የፈለገ ሰው የ2011ን ቁጥር ለ2001 ቁጥር ያካፍል፤ 1.296 ያገኛል፣ የ29.6 በመቶ ዕድገት ማለት ነው። የሂንዱዎቹ ዕድገት በዚያው አሥር ዓመት 10.9 በመቶ ነበር።

ትልቁ ጥፋት የሚሠራው ወደ ኋላ ሲኬድ ነው። በ1981 አሳም ውስጥ በነበረው ሁከት ምክንያት ቆጠራ አልተካሄደም። ስለዚህ ከ1971 ቀጥሎ ያለው አኃዝ የ1991 ነው። በእነዚያ ሃያ ዓመታት ሙስሊሞች 77.4 በመቶ፣ ሂንዱዎች 41.9 በመቶ አድገዋል። ይህ 77.4 ከሌሎቹ የአሥር ዓመት አኃዞች ጎን ሲደረደር ያስደነግጣል። ብልህ ነኝ የሚለው ደግሞ ለሁለት ያካፍልና 38.7 ይላል፤ እሱም ልክ አይደለም፤ የሁለተኛው አሥር ዓመት ዕድገት የሚሰላው በመጀመሪያው ላይ ተደርቦ ነውና። ትክክለኛው መንገድ ራሱን በራሱ ሲያባዙት 1.774 የሚሰጠውን ቁጥር መፈለግ ነው። ያ ቁጥር 1.332 ነው፤ በአሥር ዓመት 33.2 በመቶ። ለሂንዱዎቹ በዚሁ ስሌት 19.1 ይመጣል።

አሁን አኃዞቹን በቅደም ተከተል ማየት ይቻላል። የሙስሊሞች የአሥር ዓመት ዕድገት መጀመሪያ 33.2፣ ከ1991 እስከ 2001 29.3፣ ከዚያ 29.6። የሂንዱዎች 19.1፣ ቀጥሎ 14.9፣ ቀጥሎ 10.9። አንባቢው እዚህ ላይ ቆም ብሎ እንዲያይልን እንለምናለን። በመጨረሻው አሥር ዓመት የሙስሊሞች የዕድገት መጠን ሳይለወጥ ባለበት ቆይቷል ማለት ይቻላል፤ በፍጥነት የወረደው የሂንዱዎቹ ነው። የሁለቱ ልዩነት ሰፍቶ ድርሻው ከቀደመው አሥር ዓመት በበለጠ፣ በ3.3 ነጥብ፣ የዘለለው በዚህ ምክንያት ነው። «ሙስሊሞች ተባዙ» የሚለው ርዕስ ከታሪኩ ግማሹን ይደብቃል።

ያልተቆጠረ ሕዝብ እንዴት ጉድ እንደሚሠራ ራሷ ህንድ በ2004 አይታዋለች። የቆጠራው መሥሪያ ቤት የመላ አገሪቱ ሙስሊሞች ዕድገት ከ34.5 ወደ 36 በመቶ ከፍ አለ ብሎ አወጀ፣ ሁካታም ሆነ። ነገሩ ሲመረመር ጃሙና ካሽሚር በ1991 አልተቆጠረችም፣ በ2001 ግን ተቆጥራለች። ወደ 6.8 ሚሊዮን የሚጠጉ የግዛቲቱ ሙስሊሞች በአሥር ዓመት ውስጥ እንደተወለዱ ተደርገው ተደመሩ። አሳምም በ1981 ስላልተቆጠረች ከ1981 እስከ 1991 ያለውን የአሥር ዓመት አኃዝ አዛብታ ነበር። ሁለቱን ግዛቶች ከሁሉም ዓመት አውጥተው ሲያሰሉት ዕድገቱ ከ32.9 ወደ 29.3 ወርዶ ተገኘ። «ጨመረ» የተባለው ለካ ቀንሷል! እርማቱ ግን የመጀመሪያውን ወሬ ያህል አልተሰማም።

ሦስተኛው ወጥመድ ወሰን ነው። ሙስሊሞች ከግማሽ በላይ የሆኑባቸው የአሳም ዲስትሪክቶች (ከግዛት በታች ያሉ የአስተዳደር ክፍሎች) በ2001 6 ነበሩ፣ በ2011 9 ሆኑ ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን በመሃሉ አዳዲስ ዲስትሪክቶች ተቆርሰዋል። ዳራንግን ብንወስድ፣ ቦዶ የሚባሉ፣ አብዛኞቹ ሙስሊም ያልሆኑ የአገሬው ተወላጆች በብዛት የሚኖሩበት ክፍል በ2004 ኡዳልጉሪ ተብሎ ተለየ፤ በቀሪው ዳራንግ የሙስሊሙ ድርሻ አንድም ሰው ሳይወለድ፣ አንድም ሰው ሳይሰደድ ከፍ አለ። የጅማ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። በ1999 ዓ.ም. የእኛ ቆጠራ ጅማ ከተማና ጅማ ዞን ለየብቻ ነው የተመዘገቡት። በከተማው ከ120,960 ነዋሪዎች ሙስሊሙ 39 በመቶ፣ በዞኑ ከ2,486,155 ነዋሪዎች 85.7 በመቶ ነበር። «የጅማ ሙስሊሞች» ብሎ የሚጽፍ ሰው የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ካልተናገረ ሁለቱም ተከራካሪዎች ሰነድ ይዘው ይጣላሉ። ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ቢያካፍል ደግሞ 62 ያገኛል፤ ከንቱ ቁጥር ነው። ሰው በሰው ተቆጥሮ ሲደመር 83.5 ነው የሚመጣው፣ ዞኑ ከከተማው ሃያ እጥፍ ስለሚበልጥ።

ስለ ነገው የሚነገረው ትንቢትም ከዚህ የተለየ አይደለም። የ29.6ን እና የ10.9ን ልዩነት ሳይነኩ ወደፊት ቢገፉት ሁለቱ ወገኖች 2049 ገደማ እኩል ይሆናሉ። ስሌቱ ልክ ነው፤ መነሻው ነው የማይጸናው። በህንድ ብሔራዊ የቤተሰብ ጤና ጥናት መሠረት አንዲት የአሳም ሙስሊም ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች አማካይ በ2005-06 3.6 ነበር፣ በ2019-21 2.4 ሆኗል። የሂንዱዋ ከ2.0 ወደ 1.6 ወርዷል። በ1.6 ነጥብ ይራራቁ የነበሩት አሁን የሚለያዩት በ0.8 ነው፤ በአሥራ አምስት ዓመት ልዩነቱ በግማሽ ጠቧል። ይህ ማለት ግን ድርሻው ነገ መጨመሩን ያቆማል ማለት አይደለም፤ ወጣት የበዛበት ማኅበረሰብ ልጅ ቢቀንስም ለጊዜው ይጨምራል። አንድ ሺህ ሰው ያላቸው ሁለት መንደሮች እናስብ፤ በአንዱ 280፣ በሌላው 200 ሴቶች በመውለጃ ዕድሜ ላይ ናቸው። ሁሉም ሁለት ሁለት ቢወልዱ እንኳ አንዱ 560፣ ሌላው 400 ልጅ ያገኛል። የሃይማኖት ትእዛዝ ነው የሚለውን ማብራሪያም አኃዙ አይደግፈውም። በ2019-21 የቢሃር ግዛት ሴቶች፣ አብዛኞቹ ሂንዱ ሆነው ሳለ፣ አማካያቸው 3 ልጅ ነበር፤ ከአሳም ሙስሊሞች በላይ ማለት ነው።

ስደትንም በጅምላ መጻፍ ደግ አይደለም። እንግሊዞች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለሻይ እርሻ ከመካከለኛው ህንድ ሠራተኛ አመጡ። በ20ኛው መጀመሪያ ደግሞ ከምሥራቅ ቤንጋል (የዛሬዋ ባንግላዴሽ)፣ በተለይ ከማይመንሲንግ፣ ሙስሊም ገበሬዎች በብራህማፑትራ ወንዝ ዳርና ደሴቶች ሰፈሩ። ከእነዚህ ሌላ ጎሪያ፣ ሞሪያ፣ ደሺ፣ ጁልሃና ሰይድ የሚባሉ ሙስሊሞች አሉ፤ በ2022 የግዛቲቱ መንግሥት ነባር ብሎ እውቅና ሰጥቷቸዋል። በ2019 የወጣው የዜጎች መዝገብም በስህተት ይጠቀሳል። ራሳቸው ወይም ወላጆቻቸውና አያቶቻቸው እስከ ማርች 24 ቀን 1971 እኩለ ሌሊት ድረስ አሳም ውስጥ እንደነበሩ በሰነድ ማሳየት ያልቻሉ 1,906,657 አመልካቾች ከመዝገቡ ቀርተዋል፤ ከእነሱ ውስጥ ሂንዱም ሙስሊምም አለ። በልጅነቷ የተዳረች ሴት የአባቷን ልጅ መሆኗን የሚያሳይ ወረቀት ማግኘት ይቸግራታል፤ የአያት ስም በአንድ ፊደል ተለይቶ መጻፉም ያስቀራል። ይህን ቁጥር «ሕገ ወጥ ሙስሊሞች» ብሎ መተርጎም ሰው ላይ መፍረድ ነው።

ከእርስዎ የምንጠይቀው ይህን ነው። የሃይማኖት መቶኛ በሚወጣበት አምድ ሁሉ ጠቅላላው የሕዝብ ቁጥር፣ የቆጠራው ዓመት፣ ቦታው በየትኛው ወሰን እንደተወሰደና ዕድገቱ በስንት ዓመት ውስጥ እንደሆነ አብሮ ይጻፍ። ሁለት መስመር ይበቃል። የ2021 የህንድ ቆጠራ ስላልተካሄደ ከ2011 ወዲህ የሚጠቀስ የአሳም የሃይማኖት ድርሻ ሁሉ ግምት ነውና «ግምት» ተብሎ ይውጣ። የሚቀጥለው ቆጠራ ማመሳከሪያ ቀን ማርች 1 ቀን 2027 እንዲሆን ተወስኗል። በእኛም አገር የመጨረሻው ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ነው፤ ስለ ጅማ ከላይ የጠቀስነውንም በዚሁ ልክ ያንብቡት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የሥነ ሕዝብና የስታቲስቲክስ መምህራን
ጅማ