ሰዓቱን ጻፊው

ውድ ልጄ፣

አውስትራሊያ እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን። ቱሉ ዲምቱ እንደተውሽው ነው፤ ውሃው በፈረቃ፣ አቧራው ሙሉ ቀን። እናትሽ ጉልበቴን ትላለች እንጂ ደህና ናት።

እሑድ ማታ የላክሽውን ድምፅ ሦስት ጊዜ ሰማሁት። እናትሽ አንዴ ሰምታ በረንዳ ወጣች። ባልደረባሽ ሻይ ክፍል ውስጥ በሰው ፊት በቀለምሽ የሰደበችሽን ሰማሁ። አለቃሽ "ስትቀልድ ነው" ማለቱን ሰማሁ። ከዚያ ደግሞ ሥራሽ ከሳምንት አምስት ቀን ወደ ሁለት መውረዱን። መጨረሻ ላይ "ተወው አባዬ፣ ለእግዜር ሰጥቼዋለሁ" አልሽ።

እሱ ላይ ነው መስማማት ያቃተኝ። ለእግዜር ስጪው፣ ግልባጩን ግን ለሚመለከተው አካል።

እንደምታውቂው ዕድሜዬን የፈጀሁት ወረዳ በር ላይ፣ ጃንጥላ ሥር፣ የሰው አቤቱታ ስጽፍ ነው። ባለጉዳይ መጥቶ ይቀመጣል። መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ቀጥሎ ይራገማል። "መቼ ነበር?" ስለው "ኧረ ባለፈው ነው!" ይለኛል። "ባለፈው" ተብሎ አቤቱታ አይጻፍም። ስለዚህ ሳይበርድሽ አሁኑኑ ቁጭ በይና ጻፊ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የት ቆመሽ እንደነበር፣ ማን ማን እንደነበረ። ሰዓቱን ደግሞ በእነሱ አቆጣጠር። "ከቀኑ 8 ሰዓት" ብለሽ ጽፈሽ፣ "በ8 ሰዓት እኮ ሥራ አልገባሽም ነበር" ብለው ጉድ እንዳያደርጉን።

የስድቡን ቃል አታሳምሪው። እኔ በይሉኝታ "ጸያፍ ቃል ተናገረኝ" ብዬ የጻፍኳቸው ማመልከቻዎች ስንቱ ውድቅ ሆነው ተመለሱ። ቃሉ ራሱ ይቀመጥ፤ በእንግሊዝኛው፣ ከአፏ እንደወጣ። የፊተኛውንና የአሁኑን የሥራ ፕሮግራምሽንም ፎቶ አንሺ። ያ ወረቀት ከአሥር እንባ ይበልጣል።

ሕጋችሁን አይቼዋለሁ። የጎረቤት ልጅ ስልኩ ላይ አውጥቶ እያነበበልኝ፣ እኔ እየጻፍኩ። አውስትራሊያ ከ1975 ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ የዘር መድልዎን የሚከለክል ሕግ አላት። ሰውን በቀለሙ ወይም በትውልዱ ምክንያት ሥራ ላይ መበደል ክልክል ነው። በ1995 ደግሞ ሌላ ተጨመረበት፤ በሰው ፊት ሰውን በዘሩ ምክንያት መስደብ፣ ማዋረድና ማስፈራራትም ክልክል ሆነ። አቤቱታው ለሰብዓዊ መብት ኮሚሽኑ ይቀርባል። ክፍያ የለውም። ጠበቃ የግድ አይደለም። በአማርኛ ብትጽፊውም ይቀበሉሻል። ራፖር ጸሐፊ አያስፈልግም ማለት ነው፤ እንጀራዬን ዘግተውታል።

እነሱ መጀመሪያ የሚሞክሩት ማስታረቅ ነው። እንደ እኛ ሽማግሌ በይው። እምቢ ካለ ጉዳዩ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ሁለት ዓመት ካሳለፍሽ ግን ላያዩት ይችላሉ። ደግሞ አንዱን ልብ በይ፤ አቤት ስላለች ብሎ ሰውን መበቀል ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። የተቀነሰብሽ ሦስት ቀን ለብቻው መጻፍ ያለበት ለዚህ ነው። የዛተብሽ ወይም እጁን ያነሳብሽ ካለ ደግሞ ቀጥታ ፖሊስ፣ 000።

ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ያነጋገርሻቸው ሴቶች "ቪዛችን ይበላሽብናል" አሉ አልሽኝ? "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ"ን በሻንጣ ይዘውት ሄደዋላ። አትፍረጂባቸው። ስትነግሪያቸው ግን "ዘረኝነት" ከሚለው ቃል አትነሺ። እኛ ዘንድ ዘረኝነት ሲባል ሰው የሚያስበው የብሔር ፖለቲካውን ነው፤ ገና ስትጀምሪ እርስ በርስ ይተያያሉ። "በቀለምሽ ምክንያት ፈረቃ ተቀንሶብሽ ያውቃል?" ብለሽ ጠይቂ። ያኔ ወሬው ራሱ ይመጣል። እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው ካሉ 131 450 ደውለው አማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ።

አሁን ደግሞ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ።

አንቺ በሄድሽ ዓመት እኛ ብሎክ ላይ አንድ የጋምቤላ ልጅ ተከራይቶ ነበር፣ ተማሪ። ውሃ ለሁለት ሳምንት ጠፍቶ ቦቴ የመጣ ዕለት ሁላችንም ጀሪካን ይዘን ተሰለፍን። ልጁ ከፊቴ ሁለት ሰው አልፎ ነበር። አንዲት ሴት ከኋላ መጥታ፣ "ደሞ ባሪያ ይቅደመኝ?" ብላ ጀሪካኗን ከእሱ ፊት አስቀመጠች። ሰው ሳቀ። ሁሉም አይደለም፣ የተወሰነው። ልጁ ምንም አላለም። ቢጫ ጀሪካኑን አንስቶ የሰልፉ መጨረሻ ላይ ሄዶ ቆመ።

ባርነት በአዋጅ ከቀረ እኮ ከ1934 ዓ.ም ጀምሮ ነው። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 25 ደግሞ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ በቀለም ልዩነት አይደረግም የሚለውን ለስንቱ ሰው ማመልከቻ ላይ ጽፌዋለሁ። ያን ቀን ግን አንዲት "በሕግ አምላክ" ማለት አቅቶኝ ጫማዬን አየሁ። ተራዬ ደረሰና ውሃዬን ቀድቼ ገባሁ። ልጁ ብዙም ሳይቆይ ለቀቀ። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።

ይህን ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። ድምፁ ላይ "ሁለቱ ሳቁ፣ አንዷ ግን አቀርቅራ ስልኳን ነካካች" አልሽ። ያቺኛዋ እኔ ነኝ። ቂም አትያዢባት። ብቻዋን ስታገኚያት ሄደሽ "ሰምተሽ ነበር አይደል?" በያት። እኔን ማንም መጥቶ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ እመሰክር ነበር፣ ይመስለኛል።

ከዚህ ጋር አቤቱታሽን አርቅቄ፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልኬልሻለሁ። ሁለት ገጽ ነው። ሁለት ቦታ ክፍት ትቻለሁ፤ አንዱ ሰዓቱ ነው፣ አንዱ የምስክሯ ስም። እናትሽ በርበሬው ስለደረቀ ሰው ሲገኝ እልካለሁ ብላለች፤ ሽሮውን ግን ጨምሪ እንዳትዪኝ፣ ባለፈው ኪሎ በዝቶ መንገደኛዋ ተቆጥታናለች።

አባትሽ