በአያ ብሎን ግቢ ስለቀሩት 9 የውኃ ሞተሮች

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከሐሙሲት ወደ ጣና ዳርቻ በሚወርደው ገጠር ይኖሩ የነበሩ አንድ ገበሬና ሞተር ጠጋኝ ባለፈው ሰኔ መጨረሻ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። አርባቸው ወጥቶ፣ ድንኳኑ ተነሥቶ፣ ለቀስተኛውም ወደየሥራው ከተመለሰ በኋላ በግቢያቸው፣ ከጎተራው ጥግ፣ ለጥገና የመጡ 9 የውኃ መሳቢያ ሞተሮች ቀርተዋል፤ የማን የማን እንደሆኑ ግን በጽሑፍ የተያዘ ነገር የለም። የሟቹ ባለቤት «የሰው ዕቃ ታቅፌ ሌላ በጋ አልጠብቅም፤ አንተ ፊደል የቆጠርኸው በጋዜጣ አስነግርልኝ» ብለው ስላዘዙኝ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ሞተሮቹን ብቻ ቆጥሬ ለማቆም አስቤ ጀምሬ ነበር፤ ብዕሩ ግን ወደ ሰውየው እየሄደ አስቸገረኝ።

ቤተሰቡ የሟቹ ስም በጋዜጣ እንዲወጣ አልፈለገም። ከሐሙሲት እስከ ቆራጣ የሚያውቃቸው ሁሉ «አያ ብሎን» ይላቸው ስለነበር እኔም በዚሁ እጠራቸዋለሁ፤ ባለሞተሮቹም ቢሆኑ በሌላ ስም ቢጠሩላቸው የሚያውቋቸው አይመስለኝም። ስሙ የወጣላቸው ከኮታቸው ኪስ ብሎንና ዳዶ ስለማይጠፋ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ እንኳ ሰገድ ባሉ ቁጥር ኪሳቸው ይንኳኳ ነበር።

በቀብራቸው ዕለት የተነበበው የሕይወት ታሪክ ከሁለት ደቂቃ አልበለጠም። ተወለዱ፣ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ፣ ትዳር መሥርተው አምስት ልጆች አፈሩ፣ ባደረባቸው ሕመም አረፉ ተባለ። ሐሰት የለበትም። ነገር ግን ከፎገራ የመጡት ሩዝ አምራቾች፣ በታንኳ የተሻገሩት ዓሣ አጥማጆች፣ ወፍጮ ቤት ያላቸውና ሽንኩርት የሚተክሉት ሁሉ በዚያች ሰዓት ከጎናቸው ለቆመው ሰው የየራሳቸውን የሞተር ታሪክ በሹክሹክታ ያወሩ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ወሬ አንዱም በወረቀቱ ላይ አልሰፈረም።

አያ ብሎን በዚያው በደራ ምድር ከገበሬ ቤተሰብ ተወልደው፣ ገና በጉርምስናቸው ባሕር ዳር ገብተው፣ በአንድ ጋራዥ ዕቃ በናፍጣ እያጠቡ ሥራ ጀመሩ። የጋራዡ አለቃ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እገዛ ከተከፈተው ከባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ የወጡ፣ ልጅ ሲያጠፋ በካቻቢቴ እጀታ ጉልበቱን መታ የሚያደርጉ፣ ሲያስተምሩ ግን ምንም የማይሸሽጉ ሰው ነበሩ ይባላል። ካንዴላ፣ ፋሻ፣ ባልቦላ፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጋ የሚሉት የጋራዥ ቃላት ሁሉ ከጣሊያን መምጣታቸውን አያ ብሎን የሰሙት ከእኒሁ አለቃ ነው፤ እስከ እርጅናቸውም ድረስ «ጠላት ሲሸሽ ካቻቢቴውን ረስቶብን ሄደ» እያሉ ይቀልዱ ነበር። አባታቸው ሲደክሙ በሬ የሚጠምድ ሰው ጠፋና፣ አንድ የእንጨት ሣጥን መፍቻ፣ ፒንሳና ሞርሳ ተሸክመው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

አመላለሳቸው ደስ ያለው ሰው ጥቂት ነበር። ብረት የሚነካ ሰው በአገራችን ምን ይባል እንደነበር አንባቢ ያውቀዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ሠራተኛውን በሥራው እየጠሩ መስደብን ቢከለክሉም፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩበት ጋፋትም ከዚያው ከጣና ምሥራቅ፣ ከደብረ ታቦር አጠገብ ቢሆንም፣ በአካባቢያችን ያለው ስድብ አዋጁንም መድፉንም አልሰማም። ሚስት ሊያጩ ሽማግሌ በላኩ ጊዜ የልጅቱ አባት «እጁ ለማይነጻ ሰው ልጄን አልድርም» ብለው ሽማግሌዎቹን መለሱ። በዚያው ዓመት የሠፈሩ ወፍጮ ሊስተር ሞተር ተበላሽቶ ሴቶቹ እህል በጀርባቸው አዝለው ሐሙሲት ድረስ ይመላለሱ ነበር። አያ ብሎን የተቃጠለውን የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም የሞተሩን ራስ መጋጠሚያ ማሸጊያ፣ ከመዳብ ዝርግ በመቁረጫ አበጅተው፣ ሌሊቱን ሲገጥሙ አድረው፣ ንጋት ላይ የወፍጮው ድምፅ ሠፈሩን ቀሰቀሰው። የወደፊት አማታቸው ይቅርታ አልጠየቁም፤ ከሁሉ ቀድመው ግን እህል ያስፈጩት እሳቸው ናቸው። ሠርጉ በሚቀጥለው ጥር ሆነ።

እኔ ያወቅኋቸው ከዚህ ብዙ ዘግይቶ፣ ተማሪ ሳለሁ ሁለት ክረምት በረዳትነት ከእሳቸው ጋር በሠራሁበት ጊዜ ነው። ዛሬ ባሕር ዳር የአውቶ ሜካኒክ መምህር ነኝ፤ ለተማሪዎቼ ከምነግራቸው ነገር የትኛው ከመጽሐፍ፣ የትኛው ከእሳቸው እንደሆነ ለመለየት አንዳንዴ ይቸግረኛል።

ለምሳሌ ያህል አንዱን ልናገር። ጣና እጅግ ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ ከ15 ሜትር የማይበልጥ፣ ዳርቻው ዝርግ የሆነ ሐይቅ ነው፤ ስለዚህ በበጋ ውኃው ጥቂት ዝቅ ባለ ቁጥር ከማሳው ብዙ ይርቃል። ገበሬው ሞተሩን ከተለመደው ጥላ ሥር፣ ከከፍታው ላይ እንዳስቀመጠ የመሳቢያውን ቱቦ ያረዝማል፤ ውኃው እምቢ ሲል ሞተሩ ተበላሽቷል ብሎ በአህያ ጭኖ ይመጣል። አያ ብሎን «ሞተሩ ውኃ የሚስብ አይምሰልህ፤ አየሩ ነው ከታች የሚገፋልህ፤ የእኛ አገር አየር ደግሞ ስስ ነው። ውረድና ከውኃው አፍ አጠገብ አስቀምጠው» ብለው ሳይፈቱት ይመልሱለት ነበር። ኋላ ላይ መጽሐፍ ገልጬ ነገሩን በቁጥር አገኘሁት። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 80 በመቶ ያህሉ ነው፤ በባሕር ጠረፍ በስሌት እስከ 10 ሜትር የሚወጣው ውኃ እዚህ ከ8 ሜትር ብዙም አያልፍም፤ በቱቦው ውስጥ የሚባክነው ሲቀነስ ደግሞ 6 ሜትር ከተገኘም ደግ ነው። ይህን ስነግራቸው ደስ አላቸው እንጂ አልተገረሙም። ለጠረፍ አገር የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚን እንደሚበዛበትም የሚያውቁት ካንዴላውን ነቅለው ጥላሸቱን በጣታቸው በማሸት ነበር።

ከጉማራና ከርብ ወንዞች በክረምት የሚወርደው ደለል ሌላው ጠላታቸው ነበር። አሸዋው የፓምፑን ምላስ እንደ ሞረድ ይበላዋል፤ እሳቸው የተበላውን በብየዳ ሞልተው በሞረድ እያስተካከሉ ሁለትና ሦስት ዓመት ያሠሩት ነበር። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ መጣ። በሰሜን ምሥራቅ በኩል ያሉ ገበሬዎች የቱቦው አፍ በሥሩ እየታፈነ ሞተራቸው በደረቁ ሲሠራ ይቃጠልባቸው ጀመር። አያ ብሎን ከብረት ዘንግ ቅርጫት የመሰለ ነገር በይደው፣ አሮጌ የዓሣ መረብ አልብሰው፣ ቱቦው በመካከሉ እንዲንጠለጠል አደረጉ። መረቡን ያመጡላቸው እምቦጩ ከሥራ ያስፈታቸው አጥማጆች እንደነበሩ ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር።

የዋጋ አወጣጣቸው ለብዙ ሰው እንቆቅልሽ ነበር። ሞተሩን ራሱ ለመጠገን ደፍሮ ከፍቶ ያልሆነለትን ሰው ግማሽ ያስከፍሉት ነበር፤ በአንድ ዓይነት ጥፋት ሁለት ጊዜ የመጣውን ግን እጥፍ። ዘይት ሳይለካ የሚያስነሣ ሰው ካጋጠማቸው ደግሞ ተቆጥተው ግቢውን ያስጨንቁት ነበር፤ ቁጣቸው አንዳንዴ ከልክ ያልፍ እንደነበር መካድ አይገባኝም፤ እኔም ቀምሻለሁ። የተሠራውን ሞተር ማንም ሰው ገመዱን በገዛ እጁ ስቦ ሳያስነሣ ይዞ አይወጣም። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት «እኔ ጉልበት የለኝም» ብላ ስታለቅስ፣ ከጉልበቱ ይልቅ ፒስተኑ የሚያርፍበትን ቦታ በእጅ መፈለግ እንደሚያስፈልግ ረጅም ሰዓት ሲያሳይዋት አይቻለሁ። በመጨረሻ አስነሣችው። በቀጣዩ ዓመት ጎረቤቶቿ ሞተር እምቢ ሲላቸው የሚጠሩት እሷን ነበር።

ቤታቸውን ላላየ ሰው ይህ ሁሉ የጋራዥ ወሬ ይመስለው ይሆናል። ሰውየው ግን ከሁሉ በላይ የቤት ሰው ነበሩ። ማታ እጃቸውን አንድ ጊዜ በናፍጣ፣ አንድ ጊዜ በአመድ፣ አንድ ጊዜ በሳሙና ታጥበው፣ አምስቱም ልጆች ከመሶቡ ዙሪያ ሳይሟሉ እንጀራ አይቆርሱም። ሁለተኛዋ ልጃቸው ሌሊት ባትሪ እያበራች ስለረዳቻቸው ካንዴላን ከፊደል በፊት ለይታለች ይባላል፤ ከ9ኙ ሞተሮች 6ቱን ከአባቷ ሞት በኋላ ጠግና የጨረሰችው እሷ ናት። ባለቤታቸውም ቢሆኑ ከሙያው ሩቅ አይደሉም። አያ ብሎን እርሻ ውለው ስልክ ሲደወል የሚያነሡት እሳቸው ነበሩና «ያስላል ወይስ ያስነጥሳል? ጭሱ ነጭ ነው ጥቁር?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ካሰለ ነዳጁ ውስጥ ውኃ ገብቷል፤ ካስነጠሰ ባልቦላው አልገጠመም፤ ጭሱ ጥቁር ከሆነ የአየር ማጣሪያው ይራገፍ። ባልየው ማታ መጥተው የሚለውጡት ነገር እምብዛም አልነበረም።

መናገር ያለብኝ አንድ ቅሬታም አለ። በአካባቢያችን በብድርም በጥሬ ገንዘብም ብዙ ሞተር ተሽጧል፤ ከሻጮቹ መካከል ግን ፋሻና ጓርኒሲዮን የት እንደሚገኝ ለገዢው የነገረ ሰው መኖሩን አላውቅም። አንድ ሻጭ ገና ዓመት ያልሞላው ሞተር ይዘው ለሄዱ ገበሬ «መለዋወጫው አልመጣም፤ አዲስ ይግዙ» ብሎ እንደመለሳቸው አብሬ ሆኜ ሰምቻለሁ። ጥር ላይ ሽንኩርት ለአንድ ሳምንት ውኃ ካጣ የዓመቱ ልፋት አበቃ ማለት ነው፤ ያን ሳምንት የሚሸፍነው እንደ አያ ብሎን ያለ፣ ከተማ መግባት ሲችል ገጠር የቀረ ሰው ነበር። የሚመለከታቸው ሁሉ ሞተር ሲያከፋፍሉ በየቀበሌው ቢያንስ አንድ ጠጋኝ አብረው ቢያሠለጥኑ፣ መለዋወጫውም ከሞተሩ ጋር ቢመጣ ትልቅ ነገር ነው።

ወደ ሞተሮቹ ልመለስ። አያ ብሎን ደብተር አይዙም ነበር፤ በእያንዳንዱ ሞተር የቤንዚን ቋት ላይ ግን ባለቤቱን የሚያስታውሳቸውን ሥዕል በምስማር ጭረው ያስቀምጡ ነበር። ዓሣ የተሣለባቸው ሁለት አሉ፤ የአጥማጆች ሳይሆኑ አይቀሩም። አንዱ ላይ ሽንኩርት፣ አንዱ ላይ የደወል ቅርጽ አለ፤ ባለደወሉ በደብር አገልግሎት ላይ ያለ ሰው ይሆናል ብለን ገምተናል። ሦስቱ ላይ በሬ፣ በቅሎና ዶሮ ተሥለዋል። አንዱ የሚነበብ ምልክት የለውም፤ ቀለሙ ግን ሰማያዊ ሆኖ የጎኑ እጀታ በሽቦ የታሰረ ነው። የዘጠነኛው ሥዕል ጀበና ነው።

ባለሞተሮች ከሚያውቃችሁ ጎረቤት ጋር በመሆን፣ ከእሑድና ከበዓል ቀን በቀር፣ ወደ አያ ብሎን ቤት መጥታችሁ መውሰድ ትችላላችሁ። የጥገና ዋጋ ያልከፈለም ቢሆን በዚህ አፍሮ እንዳይቀር ባለቤታቸው አደራ ብለዋል። መለያው ቀላል ነው፤ ሞተሩ ሲመጣ ምን ዓይነት ድምፅ ያሰማ እንደነበር ይጠይቋችኋል፤ የእያንዳንዱን ሕመም ያስታውሳሉ። ባለጀበናው ሞተር ባለቤት ይህን ያነበብህ ወይም ሰው ያነበበልህ እንደሆነ ግን የማስነሻውን ገመድ ይዘህ ና፤ ሲመጣ ገመድ አልነበረውም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

አንድ የአውቶ ሜካኒክ መምህር፣ ከባሕር ዳር