የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ከፕሮፖዛሉ ይጀምር

ለ፦ የጤና ምርምር ገንዘብ ለሚመድበው የመንግሥት መሥሪያ ቤት
ጉዳዩ፦ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች በጋራ ምርምር ፕሮጀክቶች በአባልነትና በበጀት እንዲካተቱ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

ብዙ ተቋማት በጋራ በሚያቀርቡት የምርምር ፕሮፖዛል ላይ ለስታትስቲክስ ባለሙያ፣ ለላቦራቶሪ ቴክኒሻን፣ ለዳታ ሰብሳቢ የበጀት መስመር አለ። ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም። ባለሙያው የሚጠራው ሥራው ካለቀ በኋላ፣ የመጽሔቱ ገምጋሚ «ያለፉ ጥናቶችን የፈለጋችሁበትን ስልት አሳዩን» ሲል ነው። ያኔ ስህተቱን ማሳየት ይችላል፤ ማረም ግን ብዙ ጊዜ አይቻልም፤ የተመረጡት ጥናቶች ተመርጠዋል፣ ስሌቱም ተሠርቷል።

ጥያቄያችን አንድ ነው። ያለፉ ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን (ስልታዊ ዳሰሳ የሚባለው) ወይም ከአንድ በላይ ተቋም ዳታ የሚያቀላቅል ማንኛውም ፕሮጀክት፣ ስሙ፣ የሥራ ሰዓቱና ክፍያው በፕሮፖዛሉ የተጻፈ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ይኑረው።

የፍለጋ ጉድለት የሰው ሕይወት የሚነካ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በተካሄደ ጥናት፣ ሄክሳሜቶኒየም የተባለውን ኬሚካል በትንፋሽ የወሰደች ጤነኛ በጎ ፈቃደኛ በሳንባ ጉዳት ሞተች። ከጥናቱ በፊት የተደረገው ፍለጋ በዋናነት የተመካው ፐብሜድ በተባለ የሕክምና ጽሑፎች የመረጃ ቋት ላይ ነበር፤ ፐብሜድ በወቅቱ የያዘው ከ1966 ወዲህ ያለውን ነው። ኬሚካሉ ሳንባን ሊጎዳ እንደሚችል የሚጠቁሙት ጽሑፎች ደግሞ የታተሙት በ1950ዎቹ ነበር። በኋላ የተደረገው ምርመራ ሌሎች ጉድለቶችንም ስላገኘ ሞቱን በፍለጋው ላይ ብቻ አንጥልም። ነገር ግን የመረጃ ቋቱ ከየት ዓመት እንደሚጀምርና ከዚያ በፊት ያለው የት እንደሚገኝ ማወቅ የዚህ ሙያ ሀሁ ነው።

ፍለጋ ሲሠራ እንዲህ ነው። የምርምሩ ጥያቄ በየፅንሰ ሐሳቡ ይከፈላል፦ ሕመሙ፣ ሕክምናው፣ የጥናቱ ዓይነት። ለእያንዳንዱ ፅንሰ ሐሳብ ሁለት ዓይነት ቃል ይሰበሰባል፤ አንዱ ሜሽ የሚባለው ደረጃውን የጠበቀ የርዕስ ቃል፣ ሌላው ደራሲዎች በርዕስና በአጠቃሎ ውስጥ የሚጠቀሙበት ልዩ ልዩ አጠራርና የፊደል አጻጻፍ። ተመሳሳዮቹ «ወይም» በሚለው፣ ፅንሰ ሐሳቦቹ ደግሞ «እና» በሚለው ማያያዣ ይገናኛሉ። ቀጥሎ ተመራማሪዎቹ አስቀድመው የሚያውቋቸው አሥር ያህል አግባብ ያላቸው ጽሑፎች ተይዘው ስልቱ ይፈተናል። አንዱ እንኳ ካመለጠ ለምን እንዳመለጠ ሳይታወቅ ወደፊት አይኬድም።

የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በሜሽ ብቻ የፈለገ ሰው፣ በፐብሜድ ውስጥ ያሉትን የሜሽ ቃል ያልተሰጣቸው ጥቂት የማይባሉ መዛግብት ያጣቸዋል። «በሰው ላይ የተደረገ» የሚለውን ማጣሪያ የተጫነም እነዚያኑ መዛግብት ሳያውቅ ይጥላቸዋል፤ ትክክለኛው መንገድ «እንስሳ» የሚል ምልክት ኖሯቸው «ሰው» የሚል የሌላቸውን ብቻ ማስወጣት ነው። በፐብሜድ ላይ ቃሉን በትምህርተ ጥቅስ መክተት ወይም መጨረሻው ላይ ኮከብ ማድረግ፣ ሥርዓቱ በራሱ ተመሳሳይ ቃላትን የሚያዛምድበትን አሠራር ያጠፋዋል። ከሁሉ የከፋው ግን ለፐብሜድ የተጻፈን ስልት እንዳለ ገልብጦ ኤምቤዝ በተባለ ሌላ የሕክምና ጽሑፎች ቋት ላይ ማስኬድ ነው። ኤምቤዝ ኤምትሪ የሚባል የራሱ የርዕስ ቃላት ዝርዝር፣ የራሱም ምልክቶች አሉት። የተሳሳተ ስልት ሲገባ ሁልጊዜ ማስጠንቀቂያ አይመጣም፤ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር ብቻ ይመጣል፤ ተመራማሪውም ቁጥሩን ያምናል።

ስለዚህ ስልቱ ከመሄዱ በፊት ሁለተኛ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ይመረምረዋል። ፕሬስ የተባለው መመሪያ፣ በ2015 በታደሰው ይዘቱ፣ ለዚህ ስድስት የመመርመሪያ ነጥቦች ይሰጣል፤ ጥያቄው ወደ ፍለጋ በትክክል መመለሱን፣ ማያያዣዎቹን፣ የርዕስ ቃላቱን፣ ነጻ ቃላቱን፣ የፊደልና የመስመር ቁጥር ስህተቶችን፣ ማጣሪያዎቹን። በጋራ ምርምር ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የየተቋሙ የመረጃ ቋት ደንበኝነት ይለያያል። አንዱ ተቋም የሚከፍልበትን ቋት ሌላው ጨርሶ ላያገኘው ይችላል፤ አንድ ቋትም በተለያዩ መድረኮች ሲፈለግ የተለያየ ውጤት ሊሰጥ ይችላል። ማን፣ በየትኛው መድረክ፣ በየትኛው ቀን ፈልጎ ስንት መዝገብ እንዳገኘ ካልተጻፈ ፍለጋውን መድገም አይቻልም። በ2021 የወጣው ፕሪዝማ ኤስ የተባለ የፍለጋ ሪፖርት አጻጻፍ መመሪያ ይህን በ16 ነጥቦች ያስመዘግባል። መሥሪያ ቤትዎ አዲስ መመሪያ ማርቀቅ አያስፈልገውም፤ ይህንኑ ግዴታ ማድረግ ይበቃዋል።

ፍለጋው አንድ ጊዜ ተደርጎ አያበቃም። ማጣራትና ትንተና ብዙ ወራት ስለሚወስድ፣ ከኅትመት በፊት ስልቱ እንደገና ይኬዳል፤ ስልታዊ ዳሰሳዎችን የሚያሳትመው ኮክሬን የተባለ ዓለም አቀፍ ድርጅት ፍለጋው ከኅትመቱ በፊት ባሉት 12 ወራት ውስጥ፣ ቢቻል በ6 ወር ውስጥ የተደረገ እንዲሆን ይመክራል። በዚያው ጊዜ የማጣቀሻዎቹ ዝርዝር ከኅትመት የተሰረዙ ጽሑፎች እንዳይኖሩበት ይፈተሻል። ክትባትን ከኦቲዝም ያገናኘው የ1998 ጽሑፍ ከመጽሔቱ የተሰረዘው ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ2010 ነው። የተሰረዘ ጽሑፍ በየሰው ኮምፒውተር በተቀመጠ ፋይል ውስጥ ግን እንዳልተሰረዘ ሆኖ ይኖራል።

ጽሑፍ የሚያመርቱ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ይህን ሥራ ይተካሉ የሚል ሐሳብም ይቀርባል። ተመሳሳይ ቃላትን ለማሰባሰብ ይረዳሉ። ነገር ግን የሌለ ጽሑፍ እንዳለ አድርገው ሊጠቅሱ ይችላሉ፤ አንድ ጥያቄም ሁለት ጊዜ ቢቀርብላቸው ያው መልስ ላይመጣ ይችላል። ሊደገም የማይችል ፍለጋ በስልታዊ ዳሰሳ ውስጥ ቦታ የለውም።

ዳታውም ያው ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዱ ተቋም የደም ስኳርን በሚሊግራም በዴሲሊትር፣ ሌላው በሚሊሞል በሊትር ከመዘገበ፣ 90 እና 5 አንድ መጠን መሆናቸውን ፋይሉ አይናገርም። ያልተመዘገበ መልስ በአንዱ ባዶ፣ በሌላው 0፣ በሦስተኛው 999 ሆኖ ይመጣል፤ 999 ከአማካዩ ስሌት ከገባ ውጤቱን ሁሉ ያዛባል። ኤክሴል የጂን ስሞችን ወደ ቀን መለወጡ የታወቀ ችግር ነው፤ ሴፕት 1 የመስከረም፣ ማርች 1 የመጋቢት መጀመሪያ እየመሰለው ስላስቸገረ፣ የሰው ጂኖችን ስም የሚያጸድቀው ኮሚቴ በ2020 ስሞቹን እስከመለወጥ ደርሷል። መከላከያው የመጀመሪያው ታማሚ ከመመዝገቡ በፊት የሚጻፍ የዳታ መፍቻ ነው፦ የእያንዳንዱ ዓምድ ስም፣ መለኪያ፣ የሚፈቀደው መጠን፣ የጎደለ መልስ ምልክት፣ ቀን በዓመት፣ በወርና በቀን ቅደም ተከተል። ይህንን ማዘጋጀት፣ ሁሉም ተቋማት በአንድ ቅጂ እንዲሠሩ ማድረግ፣ በመጨረሻም ዳታውን ቋሚ መለያ በሚሰጥ ማከማቻ ማስቀመጥ የዳታ አያያዝ የሠለጠነ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሥራ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ከጥር 2023 ጀምሮ የዳታ አያያዝና ማጋራት ዕቅድ ከማመልከቻ ጋር እንዲቀርብ ሲያስገድዱ፣ የሥራው ወጪ በበጀት እንዲጠየቅ ፈቅደዋል።

በተግባር የምንለምነው ይህን ነው። በማመልከቻ ቅጹ ላይ ለባለሙያው የበጀት መስመር ይግባ፤ ለአንድ ሙሉ ስልታዊ ዳሰሳ፣ ምርመራውንና የመጨረሻውን ድጋሚ ፍለጋ ጨምሮ፣ ከ20 እስከ 40 የሥራ ሰዓት ይያዝለት። ሙሉው የፍለጋ ስልት፣ መስመር በመስመር፣ ከማጠቃለያ ሪፖርቱ ጋር ካልተያያዘ የመጨረሻው ክፍያ አይለቀቅ። ስልቱን የነደፈና የዘዴውን ክፍል የጻፈ ባለሙያ፣ ዓለም አቀፉ የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች ኮሚቴ ያወጣቸውን አራት መስፈርቶች እስካሟላ ድረስ፣ በደራሲነት ይመዝገብ፤ ለአንድ ቀን ምክር የሰጠ ግን በምስጋና ቢጠቀስ ይበቃል። የሠለጠነ ባለሙያ የሌላቸው ተቋማት ሦስትና አራት ሆነው አንድ ሰው በጋራ እንዲቀጥሩ ይፈቀድላቸው። ለውጡን በሁሉም ፕሮጀክት ላይ በአንድ ጊዜ መጫን ከከበደ፣ በሚቀጥለው የውድድር ጥሪ ከስልታዊ ዳሰሳዎች ይጀመር። ቅጹን ለማርቀቅና ገምጋሚዎቻችሁን ለማሠልጠን ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር
በጤና ሳይንስ ቤተ መጻሕፍት የምንሠራ ባለሙያዎች