አባባ፣ የትኬቱን ሰዓት እንዲህ ይቁጠሩት

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። «እሑድ ማታ ተነሥቼ ሰኞ ጠዋት ከደረስኩ ምኑ ይርቃል?» ላሉኝ መልሱ ይኸውልዎ።

ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ በአጭሩ መስመር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዝርግ ካርታ ላይ ወደ ምዕራብ ብቻ የሚኬድ ይመስላል። የልጆቹ ሉል ላይ ክር ቢወጥሩ ግን ክሩ በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ አድርጎ፣ ስፔንና ፖርቱጋልን ነክቶ ውቅያኖሱን ያቋርጣል። አብራሪዎቹ እንደ ነፋሱና እንደ ማረፊያው ከዚህ መስመር ወጣ ይላሉ።

ሲመጡ አውሮፕላኑ ነዳጅ ለመሙላት መንገድ ላይ ያርፋል፤ ሲመለሱ በቀጥታ ቦሌ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,330 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። በሳሳ አየር ክንፉ የሚሸከመውም ሞተሩ የሚገፋውም ስለሚቀንስ፣ ለመንገዱ ሁሉ የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ አንድ ላይ አይነሣም። ደለስ ግን 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ ከፍ ብሎ የሚነፍሰው ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ሲመጡ ፊት ለፊት ይገጥማል፣ ሲመለሱ ከኋላ ይገፋል። ሲያርፍ ሁሉም ካልወረደ ከወንበርዎ አይነሡ፤ አልደረሱም።

ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት የየአገሩ ነው። ከፋሲካ በኋላ በሚመጡበት ጊዜ ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ ወደ ኋላ የምትቀርበት ልዩነት 7 ሰዓት ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ቢሆን 8 ይሆን ነበር። እሑድ 22:30 ተነሥቶ ሰኞ 8:30 ይደርሳል ካለ፣ በመካከሉ ያለው 10 ሰዓት ነው፤ 7 ሲጨምሩበት 17። ሲመለሱ ይቀንሱታል፦ 11:00 ተነሥቶ በማግሥቱ 7:00 ቢደርስ፣ 20 ሲቀነስ 7፣ 13 ሰዓት።

ሰው አውሮፕላን የሚያመልጠው ግን እዚህ ላይ ነው። 22:30 ማለት በእኛ ከምሽቱ 4:30 ነው፤ ይህ ብዙም አያሳስትም። «ማክሰኞ 00:30» የሚል ቢመጣ ግን ማክሰኞ ማታ እንዳይመስልዎ! የፈረንጅ ቀን የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ስለሆነ፣ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 6:30 ነው። ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድመው መድረስ ስላለብዎ ሰኞ ከምሽቱ 3:30 ቦሌ መገኘት ነው። ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈ ነውና ግድግዳው ላይ ካለው የእኛ ካላንደር ጋር ያስተያዩት።

የእጅ ሰዓትዎን መንገድ ላይ አይንኩት፣ በአዲስ አበባ ይቆጥር። መድኃኒቱን በእጅ ቦርሳ ይያዙት፤ ሻንጣ ውስጥ ከገባ እስኪደርሱ አያገኙትም። ሁልጊዜ ጠዋት 1 ሰዓት የሚወስዱትን ኪኒን፣ ያ ሰዓት ሲደርስ አየር ላይ ነዎትና እዚያው ይዋጡት። የሚቀጥለውን በዚህ አገር ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቢውጡት ግን በመካከሉ 31 ሰዓት ያልፋል። እንዴት እንደሚያሸጋሽጉት ከመነሣትዎ በፊት ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ዊልቸር አስቀድሞ ይታዘዛል፤ ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት። «እኔ መች አቃተኝ» እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ደለስ ፓስፖርት የሚታይበት ሰልፍ ረጅም ነውና ይዘዙት። መውጫው ላይ ቆመን እንጠብቅዎታለን።

ጉልበትዎን እስማለሁ፣
ልጅዎ