የተሰረቀ ክሪፕቶ «እናስመልሳለን» ስለሚሉ ሰዎች

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

እዚህ ደብረ ማርቆስ ስልኩ ላይ ዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የተሳሰረ ክሪፕቶ) የሚይዝ ወጣት ትንሽ አይደለም። የሚሰረቅበትም አለ። እኔን ግን ከመጀመሪያው ሌባ ይልቅ ሁለተኛው ያንገበግበኛል።

የጎረቤቴ ልጅ ዋሌቱ፣ ማለትም ክሪፕቶ የሚይዝበት የስልክ ቦርሳ፣ ባዶ ሲሆንበት ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «እርዱኝ» ብሎ ጻፈ። ወዲያው አንድ «መርማሪ ነኝ» ባይ በውስጥ መስመር መጣለት። ገንዘቡ የሄደበትን አድሬስ (የተቀባዩን ዋሌት መለያ) ከነደቂቃው አሳየው። ልጁ በዚህ አመነ። «ማስለቀቂያ» ተብሎ ከፈለ። ቀጥሎ «ግብር» ተባለ፤ እሱንም ተበድሮ ከፈለ። ከዚያ ሰውየው ብሎክ አድርጎት ጠፋ።

አድሬሱን ማየት እኮ ምንም ጥበብ አይጠይቅም። ዩኤስዲቲ ከሚዘዋወርባቸው መረቦች አንዱ የሆነው የትሮን መዝገብ ለማንም ክፍት ነው። ትሮንስካን የተባለው ድረ ገጽ ላይ የዋሌትን አድሬስ ያስገባ ሁሉ ገንዘቡ ከየት ወዴት እንደሄደ በነፃ ያያል። ማየትና ማስመለስ ግን ለየቅል ናቸው። አንዴ የተላከን ማንም መልሶ አይጎትተውም። ሌባው ገንዘቡን ወደ ክሪፕቶ መገበያያ ድርጅት ካስገባ ድርጅቱ አካውንቱን ሊይዝ ይችላል። ዩኤስዲቲ ከሆነ ደግሞ አውጪው ቴተር አድሬሱን ማገድ ይችላል። ለዚህ ደግሞ በአብዛኛው የፖሊስ ወይም የፍርድ ቤት ጥያቄ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካው የነዳጅ ቧንቧ ድርጅት ኮሎኒያል ፓይፕላይን ለኮምፒዩተር ጠላፊዎች ከከፈለው 75 ቢትኮይን 63.7ቱ የተመለሰው ኤፍቢአይ የዋሌቱን ቁልፍ ስላገኘ ነው፤ ያውም በፍርድ ቤት ማዘዣ። ቴሌግራም ላይ ቀድሞ ክፍያ የሚጠይቅ ሰው ይህ ሥልጣን ከየት ይመጣለታል? ዋሌቱን የሚከፍቱትን 12 ሚስጥራዊ ቃላት የሚጠይቅ ከሆነማ የቀረችውንም ሊወስድ ነው።

ልጁ ፖሊስ ጋ አልሄደም። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ስላስጠነቀቀ «ዞሮ እኔኑ ይጠይቁኛል» ብሎ ፈራ። እነዚያም የሚበሉት ይህንን ፍርሃት ነው። የሰው ዋሌት ሰብሮ መግባት ግን በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው።

ስለዚህ የክልሉን ፖሊስ ጠይቃችሁ መልሱን ብታትሙልን። ከማርቆስ፣ ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም የተሰረቀበት ሰው አድሬሱን፣ የዝውውሩን መለያ ቁጥርና ስክሪንሾቱን ይዞ የትኛው ቢሮ ይሂድ? ሳይፈራ ማመልከት ይችላል? ለመገበያያ ድርጅቱ ደብዳቤ የሚጽፍለትስ ማነው? ሌባው ገንዘቡን በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚያዘዋውር ይህ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

አክባሪያችሁ
ከደብረ ማርቆስ