ጉዳዩ፦ ያለ ዕቅድ ስለተዘረጋ የግድግዳ ውስጥ መብራት የቀረበ ቅሬታ

ሀዋሳ፣ ግንቦት 2017 ዓ.ም.

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ሀዋሳ

በቅድሚያ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ሦስት ጊዜ በስልክ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ቢሮአችሁ ድረስ መጥቼ ያስረዳሁትን ዛሬ በጽሑፍ አቀርባለሁ። ስልክ የሚያነሡት ልጆች ትሑቶች ናቸው። «እሺ ማዘር፣ ነገ ሰው እንልካለን» ይሉኛል። ያ ነገ ግን ይኸው ሁለት ወር ሊሞላው ነው።

እንደምታውቁት ሐይቅ ዳር ባለው ቤቴ ላይ ለእናቴ አንድ መኝታ ክፍል፣ መታጠቢያ ቤትና ሁለቱን ከዋናው ቤት ጋር የሚያገናኝ ኮሪደር ጨምሬአለሁ። እናቴ 81 ዓመቷ ነው። የዓይን ሞራ ተገፎላታል፤ ይሁን እንጂ ሌሊት የጣሪያ መብራት ድንገት ሲበራ ዓይኗን ያጥበረብራትና ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች። ስለዚህ ከወለሉ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ግድግዳ ውስጥ የሚቀበር፣ ወደ እግር ብቻ የሚያበራ ትንሽ መብራት ፈለግሁ። 12 ቮልት ይሁን ያልኩት ለጌጥ አይደለም። መብራት ሲጠፋ በቀጥታ ከባትሪ እንዲሠራ ብዬ ነው፤ ስለ መብራት መጥፋት ደግሞ ለሀዋሳ ሰው ማብራራት አይጠበቅብኝም። መብራቶቹ 14 ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 3 ዋት፣ በድምሩ 42 ዋት። ባለ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ከያዘው ግማሹን ብቻ ቢሰጥ እንኳ ይህን ሌሊቱን ሙሉ አብርቶ ያድራል። ስሌቱን የሠራልኝ የእናንተው ባለሙያ ነው። በዚያ ቀን የተናገረው ሁሉ ትክክል ነበር።

ውላችን ላይ ሁለት ክፍያ ተጽፏል፤ ለዕቃና ለሥራ 61,000 ብር፣ «ለዕቅድና ዲዛይን» 9,000 ብር። ቅሬታዬ ከሁሉ በፊት በዚህ በ9,000ው ላይ ነው። የተቃጠለ መብራት ይቀየራል። ልስን ካለቀ በኋላ የሚመጣ ዕቅድ ግን ለማን ይጠቅማል?

ግንበኛው ብሎኬቱን ጨርሶ ለሳኙ ሳይገባ ሁለት ሳምንት ጠብቄአችኋለሁ። የጠየቅኋችሁ አንድ ወረቀት ነው፦ ቦክሶቹ በየትኛው ግድግዳ ላይ፣ በምን ያህል ርቀት እንደሚቀመጡ፣ ቱቦው በየት እንደሚያልፍ፣ ድራይቨሩ (220ውን ቮልት ወደ 12 የሚቀይረው ዕቃ) የት እንደሚሆን የሚያሳይ። የመጣልኝ በስልክ የተላከ የሆቴል ኮሪደር ፎቶግራፍ ነበር። ፎቶው ያምራል፤ ምንጣፉም ያምራል። ለሳኙ ግን የቀን ሠራተኞቹን ይዞ ሥራ ፈትቶ መቆም ስላልቻለ ልስኑን ጀመረ። ልስኑ ካለቀ በኋላ ልጆቻችሁ ግራይንደርና መሮ ይዘው መጡና አዲሱን ግድግዳ ይፈልጡት ጀመር። ባለ 15 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ውስጡ ባዶ መሆኑን ለእናንተ አልነግራችሁም። ሁለት ቦታ ላይ መሮው በወዲያኛው በኩል ብቅ አለ፤ አንደኛው ቀዳዳ የእናቴ አልጋ ራስጌ ላይ ነው። እሷ «ለጎረቤት መስኮት ከፈቱልኝ እንዴ?» ብላ ሳቀች። እኔን ግን አላሳቀኝም።

አሁን ወደ መብራቱ ልምጣ። ከኮሪደሩ መግቢያ ላይ ያሉት መብራቶች በደንብ ያበራሉ። ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር እየደከሙ ይሄዱና መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ፣ ማለትም እናቴ ከሁሉ በላይ ብርሃን በሚያስፈልጋት ቦታ፣ የጧፍ ያህል እንኳ አይሆኑም። የእህቴ ልጅ ቴክኒክና ሙያ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያስተምራል። አንድ ቅዳሜ መጥቶ መብራቶቹን በካቻቢቴ እየፈታ በመልቲሜትር ለካቸው። የመጀመሪያው መብራት ላይ 11.8 ቮልት፣ የመጨረሻው ላይ 9.8 ቮልት ተገኘ። የዘረጋችሁት ሽቦ 0.75 ሚሊ ሜትር ካሬ ነው። ውላችን የሚለው 2.5 ነው። በዚያ ላይ 14ቱም መብራቶች በ28 ሜትር ላይ አንዱ ከሌላው እየተቀጠለ፣ ከአንድ ጫፍ ብቻ ነው የሚመገቡት።

ቢሮ ስመጣ የተሰጠኝ መልስ «ማዘር፣ ይህ የመብራት ኃይል መዋዠቅ ነው» የሚል ነበር። አይደለም። መዋዠቅ ቢሆን ሁሉም አንድ ላይ ይደክሙ፣ አንድ ላይ ይበረቱ ነበር። እኔ ቤት መጀመሪያው ሁልጊዜ ብርቱ ነው፣ መጨረሻው ሁልጊዜ ደካማ። ሌላው ልጅ ደግሞ «12 ቮልት እኮ አይነዝርም፣ ሽቦው ለውጥ የለውም» አለኝ። አለመንዘሩ እውነት ነው። ነገር ግን ያው 42 ዋት በ220 ቮልት 0.2 አምፒር ገደማ ብቻ ሲፈልግ በ12 ቮልት 3.5 አምፒር ይፈልጋል። ቮልቱ ባነሰ ቁጥር ከረንቱ ይበዛል፤ ከረንቱ ሲበዛ ቀጭን ሽቦ ላይ የሚባክነውም ይበዛል። ስለዚህ ውፍረቱ ይበልጥ የሚያሳስበው እዚህ ላይ ነው። መገጣጠሚያዎቹም ያለ ሞርሴቶ (በብሎን የሚጠብቅ የሽቦ ማያያዣ) ተጠምዝዘው በናስትሮ ብቻ ተጠቅልለዋል፤ የእህቴ ልጅ ከፈታቸው ሁለቱ ላይ ናስትሮው ከወዲሁ መላቀቅ ጀምሯል።

ከሁሉ የሚያናድደኝን ልንገራችሁ። ቁምሳጥኑ ያለው ልክ የኮሪደሩ መካከል ላይ ነው። ድራይቨሩ እዚያ ተቀምጦ መስመሩ ከመካከል ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቢመገብ ኖሮ እያንዳንዱ ወገን ግማሹን ጭነት በግማሹ ርቀት ይሸከም ነበር፤ የሚጠፋውም ቮልት ወደ ሩብ ይወርድ ነበር። በዚያው በቀጭኑ ሽቦ እንኳ! ለዚህ አንድ ተጨማሪ ብር አያስፈልግም ነበር። የሚያስፈልገው አንድ ሰው ልስን ከመጀመሩ በፊት እርሳስ ይዞ ግማሽ ሰዓት መቀመጡ ነበር። 9,000 ብር የከፈልኩት ለዚህ ግማሽ ሰዓት ነው።

ድራይቨሩ የት እንዳለ እኔ አላውቅም ነበር። ያወቅሁት ኮሪደሩ መግቢያ ላይ የግድግዳው ቀለም ሲጠቁር ነው፤ እጄን ሳሳርፍበት ይሞቃል። ልስን ውስጥ፣ ያለ ስካቶላ (ግድግዳ ውስጥ የሚገባ ሳጥን)፣ ያለ ክዳን፣ በማልታ ተመርጎ ተቀብሯል። አንዳንድ ምሽት መብራቶቹ ሁሉ በድንገት ይጠፉና ግድግዳው ሲቀዘቅዝ ተመልሰው ይበራሉ። ጥላችሁት የሄዳችሁት ካርቶን 40 ዋት ይላል። 42 ዋት የሚጎትት መብራት ላይ 40 ዋት! ባለ 60 ዋት ቢሆን ከአቅሙ 70 በመቶውን ብቻ ይሠራ ነበር። እንዲያውም ዛሬ እያቆየው ያለው የሽቦው ቅጥነት ነው፤ መብራቶቹ ደካማ ስለሆኑ የሚፈልጉትም ያንሳል። ስለዚህ መስመሩን አስተካክላችሁ ድራይቨሩን ካልቀየራችሁ ይቃጠላል።

ባትሪውን በተመለከተ ብዙ የምለው የለም። የሚገናኝበት ሽቦ ልስን ውስጥ ስለሆነ አልተገናኘም። ባትሪው መጋዘን ተቀምጧል፤ መብራት ሲጠፋ እናቴ የእጅ ባትሪ ይዛ ነው የምትሄደው፣ እንደ ድሮው።

ወደ ግቢ በሚያስወጣው ደረጃ ላይ ያሉት ሁለቱ መብራቶች ሌላ ጉዳይ ናቸው። አይፒ 20 የተጻፈባቸው ናቸው፤ የኋለኛው ዜሮ ከውኃ ምንም መከላከያ የለውም ማለት ነው። በበልጉ ዝናብ አንደኛው ውስጥ ውኃ ተጠራቅሞ መስታወቱ ደመና መስሏል። እዚያ ቦታ መግባት የነበረበት አይፒ 65 ነው።

በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። ሽቦው እንደተቀየረ፣ ድራይቨሩም ግድግዳ ውስጥ እንደተቀበረ ማንም አልነገረኝም።

የምጠይቀው ቤቱን እንደገና ፈልጡት ብዬ አይደለም። ባለ 60 ዋት ድራይቨር ቁምሳጥኑ ውስጥ፣ አየር በሚያገኝበትና እጅ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ፤ ከዚያ እስከ 7ኛው መብራት አዲስ 2.5 ሽቦ ይዘርጋና መስመሩ ከመካከል ይመገብ። የሚፈለጠው አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። መገጣጠሚያዎቹ ሁሉ በሞርሴቶ ይታሰሩ፣ ባትሪው ይገናኝ፣ የደረጃው ሁለት መብራቶች ይቀየሩ። የተቀበረው ድራይቨር ይውጣ፤ የእሱ ጉድጓድ፣ አዲሱ ፍልጥና እናቴ ራስጌ ያለው ቀዳዳ ተለስነው ቀለም ይቀቡ፤ ይህ ሁሉ በእናንተ ወጪ። በ0.75ና በ2.5 ሽቦ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነትና የዲዛይኑ 9,000 ብር ደግሞ ይመለስልኝ። ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ15 ቀን ውስጥ ሥራው ካልተጀመረ ጉዳዩን ለሚመለከተው የሸማቾች ጥበቃ ክፍል፣ ካስፈለገም ለፍርድ ቤት አቀርባለሁ።

ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ቤት አለሁ። ከሰዓት በኋላ እናቴ ስለምትተኛ በዚያ ሰዓት ግራይንደር አይነሣም። የሚመጣው ሰው መልቲሜትር ይያዝ፤ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን መብራት አብረን እንለካለን። ደግሞ እባካችሁ፣ ፎቶግራፍ ሳይሆን ንድፍ ይዞ ይምጣ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ (ስምና ፊርማ በዋናው ቅጂ ላይ)

አባሪ፦ የውል ቅጂ፣ 2 ደረሰኝ፣ የልኬት ውጤት፣ የጠቆረው ግድግዳ ፎቶግራፍ

ግልባጭ፦
ለክፍለ ከተማችን ንግድ ጽሕፈት ቤት