የዲኤክሱ ሁለተኛ ቁልፍ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናህ እንዴት ነህ? ጉልበትህስ? እኛ ከሐሳብና ከናፍቆት በቀር ደህና ነን። ትልቁ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ገብቷል። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ «አያቴ እንዳያየኝ» ብላ ፎቶ አልነሳም ብላለች። ሐዋሳ ዝናቡ ገና አልለቀቀም።

ስለ መኪናው ልጻፍልህ። በስልክ ስነግርህ «እሺ፣ እሺ» ብለህ ትዘጋዋለህ፤ ወረቀት ግን መነጽርህን አድርገህ ሁለት ጊዜ ታነባለህ።

«ይህን አሮጌ ማን ይሰርቀዋል?» ማለትህን መጀመሪያ ተወው። አሮጌ ስለሆነ ነው የሚሰረቀው። የዘመኑ መኪና ቁልፍ ውስጥ ሞተሩ የሚያውቀው ቺፕ አለ፤ ያ ከሌለ አይነሳም። የአንተ ቶዮታ ዲኤክስ ግን ካርቡሬተር ያለው 4ኬ ሞተር ነው፣ ቁልፉም ብረት ብቻ ነው። ዋጋውም ቢሆን አልረከሰም። የ2012ቱ የኤክሳይዝ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፣ በ2016 ደግሞ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። አሁን መንገድ ላይ ያለ አሮጌ ሁሉ ከነቡሎኑ ይፈለጋል። የሶስተኛ ወገን መድንህ ደግሞ አንተ በሌላ ሰው ላይ ለምታደርሰው ጉዳት እንጂ ለስርቆት አይከፍልም።

ቁልፉ ገብቶ ከሚዞርበት ከኳድሮው እንጀምር። ሞተሩ እየሠራ ቁልፉ ተነቅሎ ይወጣል፤ አንተ እንዲያውም ለእንግዳ ታሳይበታለህ። ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ምላሶች ተበልተው አልቀዋል ማለት ነው። የማንም ዲኤክስ ቁልፍ፣ ሲብስም ካቻቢቴ ያዞረዋል። የሚቀየረው ቁልፉ የሚገባበት ሲሊንደር ነው፤ ከጀርባው ያለው የኤሌክትሪክ ማብሪያ ደህና ከሆነ አይነካ። ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ሻጮቹን ስትጠይቅ ሙሉውን የቁልፍ ሴት በላቸው፣ የኳድሮው፣ የሁለቱ የፊት በሮችና የኋላ ኮፈኑ በአንድ ቁልፍ የሚከፈት። ለየብቻው ከተገዛ ኪስህ ውስጥ ሦስት ቁልፍ ይሆናል። ሦስት ቁልፍ ደግሞ... ወደዚህ እመለሳለሁ።

ኳድሮውን ከመሪው ዘንግ ጋር የሚያስሩት ቡሎኖች ሲጠብቁ ጭንቅላታቸው ተቀንጥሶ እንዲወድቅ ሆነው የተሠሩ ናቸው፤ ማንም በቀላሉ እንዳይፈታቸው። መካኒኩ ተራ ቡሎን አስሮ «አለቀ» ቢልህ እንዳትቀበለው። ሲጨርስ ቁልፉን ነቅለህ መሪውን ግራና ቀኝ አዙረው። ጠቅ ብሎ ካልያዘ የመሪው መቆለፊያም አልቋል፣ አብሮ ይቀየር።

ቀጥሎ ድብቅ ማብሪያ። ይህንን ማንም አይንካው፣ እኔ ነኝ የምሠራው። ከኳድሮው ለካንዴላው እሳት ወደሚሰጠው ቦቢና ፖዘቲቭ የሚሄደውን ሽቦ ያቋርጣል፤ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ይዞራል፣ ካንዴላው ግን እሳት አያገኝም። ቦቢናው ከ3 እስከ 5 አምፔር ገደማ ስለሚስብ ማብሪያው ቢያንስ 10 አምፔር የሚችል፣ ሽቦውም ከ1.5 ሚሊሜትር ካሬ ያላነሰ ይሁን። የሬዲዮ ዓይነት ትንሽዬ ማብሪያ ከተገጠመ ይግልና አንድ ቀን መንገድ መሀል ሞተሩን ያጠፋብሃል። መገናኛው በስታኞ ይያያዛል። ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል የለም፤ ናስትሮው በሙቀት ይላቀቃል፣ ሞተሩ መሳት ይጀምራል፣ ከዚያ ካርቡሬተር ጠራጊው ሁሉ ገንዘብህን ይበላል። ሽቦው ብረቱን በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ጎሚኒ የሚባለው የጎማ ቀለበት ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ ልባሱ ተቆርጦ ሾርት ያደርጋል። የፊት ኮፈኑም ከውስጥ በደንብ መያዝ አለበት፤ ኮፈኑን የከፈተ ሌባ ከባትሪው በቀጥታ ለቦቢናው ሽቦ ይሰጣል።

ለምን ሞተሪኖው ላይ አናደርገውም ብለህ እንደምትጠይቅ አውቃለሁ። ማርሹ በእጅ ነው፣ ቤትህ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ነው። ሁለት ጎረምሳ ገፍቶ ያስነሳዋል። አንድ ሰው የቤንዚን ቱቦው ላይ መዝጊያ ግጠም ብሎሃል መሰለኝ፤ እሱንም ተወው። ካርቡሬተሩ ጽዋ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ጥቂት ያስኬደዋል፣ መዝጊያው ሲያረጅ ደግሞ ጋለ ሞተር ላይ ያንጠባጥባል። ከሌባ ሸሽተን ወደ እሳት መግባት ነው።

እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን ሮቶር መንቀል የሚባለው ዘዴ ከሁሉ ርካሽ ነው። የዲስትሪቡተሩን ክዳን ሁለት መያዣ ከፍተህ፣ ሮቶሩን ስበህ፣ ክዳኑን መልሰህ መግጠም፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በደርግ ጊዜ ማታ ማታ በሸሚዝህ ኪስ ይዘኸው ትገባ ነበር፣ እማዬም ልብስ ስታጥብ ታገኘዋለች። ዛሬ ግን አታድርገው። የት እንዳስቀመጥከው ማን ይነግርሃል? እሷ የለችም።

ባትሪው ላይ የሚያልፍ የብረት መቀነት አሠራና በቁልፍ ይዘጋ። ለበያጁ ብረቱ ፖዘቲቭ ራሱን እንዳይነካ ንገረው፣ ላዩ ላይ የጎማ ልባስ ይደረግ፤ ከነካ ባትሪውን ሊያፈነዳው ይችላል። ስፖኪዮዎቹ መስታወት ላይ የታርጋ ቁጥሩ ይቀረጽ፤ የተቀረጸ መስታወት ለመሸጥ ያስቸግራል። እያንዳንዱ ጎማ ላይ ካሉት አራት ዳዶዎች አንዷ ልዩ ቁልፍ ያላት ትሁን፣ ጥርሷ 12 በ1.5 ነው። ልዩ ቁልፏ ትርፍ ጎማው፣ ስኮርታው ሥር አትቀመጥ፤ ሰዉ ሁሉ እዚያ ነው የሚያኖራት፣ ሌባውም ያንን ያውቃል። ሊብሬውን ከመኪናው አውጣ፣ ኮፒው ይበቃል። የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ፎቶ አንስተን እኔም ጋ ይቀመጣል። የመሪ ብረቱን ከወደድከው ግዛው፤ መሪው ራሱ በመጋዝ ስለሚቆረጥ ጊዜ ከማስፈጀት አያልፍም፣ ግን ከሩቅ ይታያል።

ጂፒኤሱን ለመጨረሻ ያቆየሁት አውቄ ነው።

ክብሪት ሳጥን የምታክል ነገር ናት፣ ሲም ካርድ ትገባባታለች፣ መኪናው ያለበትን ወደ ስልኬ ትልካለች። በ2 አምፔር ፊውዝ በኩል ከባትሪው ትያያዛለች። አንቴናዋ ሰማይ እንዲያይ ከፕላስቲክ ዳሽቦርዱ ሥር እንጂ ከብረት ሥር አትደበቅም። ሂሳብ ካለቀባት ዲዳ ናት፤ ካርዱን እኔ ከዚህ እሞላለሁ። 30 ሚሊ አምፔር ብትስብ በቀን 0.72 አምፔር ሰዓት ነው፤ 45 አምፔር ሰዓቱ ባትሪህ መኪናው ሳይነሳ ቢቆም በአንድ ወር ውስጥ ግማሹ ያልቃል። ስለዚህ በሳምንት አንዴ ሞተሩ ለግማሽ ሰዓት ይሥራ።

አባዬ፣ ይህችን የምንገጥማት ለሌባ ብቻ አይደለም።

ማክሰኞ ተሰረቀ ያልከው መኪና አልተሰረቀም ነበር። ሐሙስ ዕለት ሩፋኤል አጥር ሥር ሲገኝ «ሌባው ፈርቶ ጥሎት ሄደ» አልከኝ፣ እኔም እሺ አልኩህ። በኋላ ፎቶውን አየሁት። አራቱም በሮች ተቆልፈዋል። ሌባ በር ቆልፎ አይሄድም። ጋቢህ ታጥፎ የኋላ ወንበር ላይ ነበር። የኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ ተቀምጧል፣ በሰፊው ጎኑ፣ አንተ እንደምታደርገው። ሰኞ ለጸሎት ሄደህ በታክሲ ተመልሰሃል። ሁለት ቀን ሙሉ ፖሊስ ጣቢያ የተመላለስነው ለዚህ ነው።

ያ መኪና አጣቢ ልጅ ደግሞ በሰፈር ሰው ፊት ሌባ ተብሏል። ሄደህ ይቅርታ ጠይቀው። እኔ ልጠይቅልህ እችል ነበር፣ ግን ከአንተ አፍ ነው መስማት ያለበት።

ከዚህ በላይ የጻፍኩትን አሁን መልሰህ ብታነበው ይገባሃል። ሮቶር መንቀሉን የከለከልኩህ ዘዴው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ድብቅ ማብሪያውንም እጅህ በልማድ የሚያገኘው ቦታ፣ ከወንበርህ ጫፍ በግራ በኩል አደርገዋለሁ። አንድ ቁልፍ ብቻ እንዲኖርህ የፈለግኩትም ለዚሁ ነው። ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን። መርሳት ሁሉ እርጅና አይደለም፤ የደም ግፊት መድኃኒትህን በትክክል መዋጥህን እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም። ከዚያ በኋላ ስለ መንዳቱ እናወራለን። እስከዚያ ማታ ማታ አትንዳ።

ሌላው። አንድ ሌሊት ግቢው ውስጥ ኮቴ ብትሰማ በር ከፍተህ እንዳትወጣ። ዱላ ይዘህም፣ ጎረቤት ጠርተህም። መብራቱን አብራ፣ 991 ደውል፣ ለእኔ ደውል፣ በሩ እንደተዘጋ ይቆይ። ብረት ነው፣ ይውሰዱት። «የእናትሽ መኪና ነው» ትለኛለህ። እሷም ብትኖር ይህንኑ ትልህ ነበር፤ ታውቃለህ።

አሁን ደግሞ ልትቆጣ ነው፣ ተቆጣ። ወንድሜ 18 ዓመት ሲሞላው ቁልፍ አስቀረጽክለት። ለእኔ ባልዲና ጨርቅ ነበር የሰጠኸኝ። የዲኤክሱን ሽቦ ከየት ተነስቶ የት እንደሚገባ የተማርኩት ስለጠረግኩት ነው፣ ዛሬ እንጀራዬም እሱ ነው፤ ግን አንድ ቀን እንኳ «ያዢው» አላልከኝም። እሱ ቁልፉን ይዞት አሜሪካ ሄደ። መሳቢያው ውስጥ ይሁን ወይ ጥሎት ይሁን አላውቅም፣ ጠይቄውም አላውቅም።

ቅዳሜ በጠዋቱ መኪና እመጣለሁ። ሽቦውን፣ ማብሪያውንና ጂፒኤሱን እኔ አመጣለሁ፤ አንተ የቁልፍ ሴቱን ግዛና ደረሰኝ ተቀበል። አዲሱ የቁልፍ ሴት ከሁለት ቁልፍ ጋር ነው የሚመጣው። አንዱ የአንተ ነው። ሌላውን ለእኔ ስጠኝ።

ልጅህ

ድንጋዩን ግን አትተው። የእጅ ፍሬኑ ካቦ ላልቷል፣ እሱንም ቅዳሜ አየዋለሁ።